1.6 እና 35.1፦ በፌም-ፕሬፕ ሙከራ የታየው የወሊድ መከላከያ አጠቃቀም ቃልና እውነታ

እ.ኤ.አ. በ2009 ከቪክቶሪያ ሐይቅ ብዙም በማትርቀው በምዕራብ ኬንያዋ የቦንዶ ከተማ፣ በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያና ብሉምፎንቴይን፣ እንዲሁም በታንዛኒያ አሩሻ የሚካሄድ አንድ ትልቅ የሕክምና ሙከራ ተጀመረ። ፌም-ፕሬፕ የተባለውን ይህን ሙከራ የመራው ኤፍ ኤች አይ 360 የተባለው ዓለም አቀፍ የጤና ምርምር ድርጅት ሲሆን፣ ጥያቄውም ትሩቫዳ የተሰኘው እንክብል በየቀኑ ቢዋጥ ቫይረሱ የሌለባቸውን ሴቶች ከኤች አይ ቪ ይጠብቃል ወይ የሚል ነበር። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆነ 2,120 ሴቶች ተመዘገቡ፤ በዕጣ ለሁለት ተከፍለውም ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ደግሞ በመልኩ አንድ ዓይነት የሆነ መድኃኒት የሌለበት እንክብል እንዲወስዱ ተደረገ።

ሙከራው በአብዛኛው የሚታወሰው በኤች አይ ቪ መከላከል ታሪክ ውስጥ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የምመለስበት በጎኑ ለታየው ሌላ ነገር ነው። አንዲት ሴት «የወሊድ መከላከያ እጠቀማለሁ» ስትል ቃሏ ከሆነው ነገር ጋር ምን ያህል ይገጥማል? የቤት ለቤት የጤና ጥናቶች ስለ ወሊድ መከላከያ የሚያወጡት አኃዝ ሁሉ የቆመው በዚህ አንድ ቃል ላይ ነው፤ ቃሉን የሚመዝን ሌላ ማስረጃ ግን ብዙ ጊዜ በአጠገቡ የለም። በፌም-ፕሬፕ ማስረጃው ነበረ። ተሳታፊዎቹ በየአራት ሳምንቱ ወደ ጣቢያው እየመጡ የእርግዝና ምርመራ ያደርጉ ነበርና፣ የተናገሩትና የሆነው በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ሰፍሯል።

የወሊድ መከላከያ ወደዚህ ሙከራ የገባው በቅድመ ሁኔታነት ነው። መድኃኒቱ በፅንስ ላይ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት በወቅቱ በበቂ ሁኔታ ስላልተጠና፣ ለመመዝገብ የምትፈልግ ሴት ከኮንዶም ሌላ አስተማማኝ መከላከያ ለመጠቀም መስማማት ነበረባት፤ ካረገዘችም የሙከራውን እንክብል መውሰዷ ይቋረጥ ነበር። መከላከያው እዚያው በጣቢያው በነጻ ይሰጣል። ከመመዝገባቸው በፊት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች አስተማማኝ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር፤ ከእነዚህም 98 በመቶ የሚሆኑት በመግቢያቸው ወቅት ጀመሩ፣ 55 በመቶ መርፌ፣ 43 በመቶ ደግሞ የሚዋጥ እንክብል።

ይህን አኃዝ መጀመሪያ ያየ ሰው በአገልግሎቱ ስኬት ሊደሰት ይችላል። እኔ ደግሞ እንደ ጥያቄ ነው ያየሁት። መከላከያ ሳትጠቀም የኖረች ሴት በአንድ ቀን ተጠቃሚ ስትሆን፣ ፍላጎቷ በዚያ ቀን ተለውጦ ነው ወይስ በሩ የሚከፈተው በዚያ መልስ ብቻ ስለሆነ ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ አገልግሎቱን አጥታ የኖረች ሴት እዚያ በነጻ አግኝታ በደስታ ልትጀምር ትችላለችና። መልሱን የሚነግረን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

በሙከራው ጊዜ የታየው አጠቃላይ የእርግዝና መጠን ከ100 የሴት ዓመታት 9.6 ነበር፤ ማለትም መቶ ሴቶችን ለአንድ ዓመት ብንከታተል አሥር ገደማ እርግዝና እናገኛለን ማለት ነው። ሁሉም መከላከያ ለመጠቀም ተስማምተው ለገቡበት ሙከራ ይህ ራሱ ከፍተኛ ነው። አኃዙ በመከላከያው ዓይነት ሲከፈል ግን ጉዳዩ ፍንትው ብሎ ይወጣል። በመርፌ ተጠቃሚዎች ዘንድ የእርግዝናው መጠን ከ100 የሴት ዓመታት 1.6 ብቻ ሲሆን፣ እንክብሉን በመግቢያቸው ወቅት በጀመሩት ዘንድ 35.1 ነበር። ከሃያ እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው።

የሚዋጠው እንክብል በትክክል ከተወሰደ በመጀመሪያው ዓመት ከ1,000 ሴቶች የሚያረግዙት 3 ገደማ ናቸው። ሰው እንደ ሰው አንዳንድ ቀን እየረሳ ሲወስደው ደግሞ፣ በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ በዋለው ግምት ከ100 ሴቶች 9 ያህሉ ያረግዛሉ። ምንም መከላከያ ሳይኖር ቢሆን ከ100 ሴቶች 85 ያህሉ በዓመት ውስጥ ያረግዛሉ ተብሎ ይገመታል። 35.1 ከዚህም ከዚያም ራቅ ብሎ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ በመርሳት ብቻ የሚደረስበት አይመስለኝም። ከሴቶቹ ብዙዎቹ እንክብሉን ጨርሶ አልጀመሩትም፣ ወይም ጀምረው ትተውታል ብሎ ማሰብ ይቀላል። ትሩቫዳ የእንክብሉን ኃይል አዳክሞት ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን በትሩቫዳ ውስጥ ያሉት መድኃኒቶች ከወሊድ መከላከያ ሆርሞኖች ጋር እንዲህ ያለ ግጭት እንደሌላቸው ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። መርፌን የመረጡት ሴቶችና እንክብልን የመረጡት ሴቶች አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። ለመውለድ ገና ያልወሰነች ሴት የትኛውንም ቀን ልታቆመው የምትችለውን ትመርጣለች፤ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ያላት ደግሞ ሦስት ወር የሚያሳርፋትን። ስለዚህ የ1.6 እና የ35.1 ልዩነት ሙሉ በሙሉ የቃልና የተግባር ርቀት ነው ማለት አልችልም። ያም ሆኖ አንድ ነገር እርግጥ ነው። በዚያ ወቅት አንዲት የቤት ለቤት ጥናት ጠያቂ እነዚህን ሴቶች ቤታቸው ሄዳ ብትጠይቃቸው፣ ሁለቱም ወገኖች «እጠቀማለሁ» ሊሏት በቻሉ ነበር፤ ሁለቱም «ዘመናዊ መከላከያ ተጠቃሚ» በሚለው አንድ ረድፍ ይሰፍሩ ነበር።

መርፌውን የምትወጋው ነርሷ ናት። ክንድ በአልኮል ተጠርጎ፣ መርፌው ገብቶ፣ ቀኑ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ሁለት ሰዎች አይተውታል። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሴቲቱ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ብትረሳም፣ ሐሳቧን ብትለውጥም፣ ባሏ ቢቆጣም መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ነው። እንክብሉ ግን በየማታው አዲስ ውሳኔ ይጠይቃል፣ ውሳኔውንም ከእሷ በቀር ያየ የለም። በአንደኛው ቃሏ በሌላ ሰው እጅ የተፈጸመን ነገር መድገም ነው፤ በሌላኛው ቃሏ ብቻውን ቆሟል።

የሙከራው እንክብል ራሱ ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ አሳይቶናል፣ ያውም በደም ምርመራ። ተሳታፊዎቹ እንክብሉን ይወስዱ እንደሆነ ሲጠየቁ 95 በመቶ የሚሆኑት ሁልጊዜ ወይም አብዛኛውን ጊዜ እንደሚወስዱ ተናገሩ። ቃልን ብቻ ላለማመን ሲባል የተመለሰው እንክብል ይቆጠር ነበር፤ ቆጠራውም እንክብሉ በ88 በመቶ ቀናት ተወስዷል የሚል ውጤት ሰጠ። ሁለቱ ማስረጃዎች እርስ በርስ ስለተደጋገፉ ለጊዜው ሁሉም ነገር ደህና ይመስል ነበር። በኋላ በማቀዝቀዣ የተቀመጠው ደም ሲመረመር፣ ከመድኃኒቱ ወገን ከሆኑትና በቫይረሱ ካልተያዙት ውስጥ በቅርብ ቀናት መድኃኒቱን መውሰዳቸውን የሚያሳይ መጠን የተገኘባቸው ከ40 በመቶ በታች ነበሩ።

ቃሉ ቢሳሳት አይገርምም ይሆናል፤ ቆጠራው እንዴት ተሳሳተ? ብልቃጡን ይዛ የምትመጣው ያችው ሴት ናት። ያልዋጠችውን እንክብል ከመምጣቷ በፊት ከጣለችው፣ በሳህኑ ላይ የሚቆጠረው የሚጠበቅበትን ያህል ብቻ ይሆናል። ቆጠራው ከቃል የተለየ ምስክር ተደርጎ ነበር የታሰበው፤ በእርግጥ ግን የዚያው ቃል ሌላ መልክ ነበር። የወሊድ መከላከያ እንክብል ማሸጊያን «እስቲ አሳዪኝ» ብሎ ማየት በቂ ማረጋገጫ እንደሆነ የሚያስቡ የጥናት አዘጋጆች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ሙከራው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 እንዲቆም ተወሰነ፤ መድኃኒቱን ይወስዳሉ ከተባሉት 33፣ ከሌሎቹ ደግሞ 35 ሴቶች በቫይረሱ ተይዘው ነበርና ልዩነት ሊታይ አልቻለም። የደም ምርመራው ባይኖር ኖሮ ከዚህ የሚወሰደው መደምደሚያ አንድ ብቻ ነበር፦ 95 በመቶ የሚሆኑት ወስደውት ካልጠበቃቸው፣ መድኃኒቱ ለሴቶች አይሠራም። በኬንያና በኡጋንዳ በጥንዶች ላይ የተደረገው ፓርትነርስ ፕሬፕ የተባለው ሙከራ ግን ይኸው መድኃኒት በደንብ ሲወሰድ አዲስ መያዝን በ75 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። አንድ ያልተመዘነ ቃል ሚሊዮኖች ሴቶች የሚጠቅማቸውን መድኃኒት ሊያሳጣቸው ተቃርቦ ነበር። ነገሩ የፌም-ፕሬፕ ብቻም አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌና በኡጋንዳ 5,029 ሴቶች በተሳተፉበት ቮይስ በተባለው ሙከራም በቃል 90 በመቶ፣ በቆጠራ 86 በመቶ የተባለው፣ በደም ሲታይ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ25 እስከ 30 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ሴቶቹ ለምን እውነቱን አልተናገሩም? ከሙከራው በኋላ በቦንዶና በፕሪቶሪያ ከነበሩት ውስጥ 88 ሴቶች በጥልቀት ተጠየቁ፤ 224 ሴቶች ደግሞ ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መልሱን ራሳቸው በኮምፒዩተር ላይ እንዲሞሉ ተደረገ። ካነሷቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ ሁለት ነበሩ። እንክብሉን እንዳልወሰዱ ቢናገሩ ከጥናቱ የሚባረሩ መስሏቸው ነበር፤ የጣቢያው ሠራተኞች እንዳይቆጧቸው ወይም እንዳያዝኑባቸውም ፈርተው ነበር። ከጥናቱ መባረር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። በየወሩ የሚደረግ ምርመራ፣ ነጻ ሕክምናና ነጻ መከላከያ መቅረት ማለት ነው፤ ስምሽን ጠርታ ከምትቀበልሽ ነርስ ጋር የነበረው ግንኙነት መቋረጥም ጭምር።

«ሴቶቹ ዋሹ» የሚለውን አባባል ለዚህ ነው የማልቀበለው። የሠራተኛዋን ልብ ላለመስበር «ደህና ነኝ፣ ሁሉንም እወስዳለሁ» ማለት እኛ ዘንድ ቢሆን ጨዋነት ይባላል። እናቶቻችን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ስንቱን «ወስጃለሁ ልጄ» ብለው አልፈውታል! ጥናቱ ለአንዱ መልስ ወሮታ፣ ለሌላው መልስ ቅጣት ያለው እስኪመስል ድረስ ከተዋቀረ፣ መልሱ ወደ ወሮታው ማዘንበሉ የጥናቱ አሠራር ውጤት ነው።

የዚህ ማረጋገጫው ስሕተቱ አቅጣጫውን የሚለውጥ መሆኑ ነው። በዚምባብዌ በተደረገ ሌላ ምርምር ለመሳተፍ የሚፈለጉት ሆርሞን ያለበት መከላከያ የማይጠቀሙ ሴቶች ነበሩ። «አልጠቀምም» ብለው ከተመዘገቡት ሴቶች ደም ውስጥ ግን ከሩብ በማያንሱት የመከላከያ ሆርሞን ተገኘ። በር የሚከፍተው «እጠቀማለሁ» ሲሆን «እጠቀማለሁ» በዛ፤ «አልጠቀምም» ሲሆን ደግሞ «አልጠቀምም» በዛ።

ከምርምር ጣቢያ ውጭም በሩ አለ፤ በረኛው ግን ባል፣ አማት ወይም ጎረቤት ነው። በዛምቢያ ሉሳካ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ የወሊድ መከላከያ አገልግሎት ማግኛ ኩፖን ለአንዳንድ ሴቶች ለብቻቸው፣ ለሌሎቹ ደግሞ ባሎቻቸው ባሉበት ተሰጠ። ባል ባለበት የተሰጣቸው ሴቶች አገልግሎቱን የመፈለጋቸው ዕድል በ19 በመቶ ያነሰ፣ ሊደበቅ የሚችል መከላከያ የመጠቀማቸው ዕድል ደግሞ በ25 በመቶ ያነሰ ሆነ። ባሏ እንዳያውቅ ስትል ወደ ጤና ጣቢያ መሄዷን የምትተው ሴት፣ ባሏ በር ላይ ቆሞ ሳለ ለጠያቂ ምን ብላ እንደምትመልስ መገመት አይከብድም።

እኔም በቤት ለቤት ጥናት ላይ በተቆጣጣሪነት በሠራሁበት ጊዜ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በአንድ የገጠር ቀበሌ ጠያቂያችን አንዲት ወጣት እናትን ስታነጋግር አማቲቱ ከምድጃው አጠገብ ቡና እየቆሉ ነበር። መመሪያው ሰው በሌለበት ጠይቁ ይላል፤ ጎጆዋ ግን አንድ ክፍል ናት፣ ሽማግሌይቱንም ከገዛ ምድጃቸው አስነስቶ ማስወጣት አይቻልም። ጠያቂዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤ ወጣቷ «አልጠቀምም» አለች፤ ተመዘገበ። ቃለ መጠይቁ አልቆ ልትሸኘን እስከ አጥሩ ድረስ ስትመጣ ግን የጠያቂዋን ክንድ ያዝ አድርጋ «እህቴ፣ ያቺን ጥያቄ አስተካክያት፤ በጥቅምት ተወግቻለሁ» አለቻት፤ ከመቀነቷም ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አራት ቦታ የታጠፈ የቀጠሮ ካርድ አወጣች። ቅጹ ተስተካከለ። እስከ አጥሩ ድረስ ያልሸኙን ሴቶች ቅጽ ግን እንደተሞላው ቀርቷል፤ ይህ ነገር ዛሬም ከሐሳቤ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 15,683 ሴቶችን ጠይቆ፣ ባለትዳር ከሆኑት ውስጥ 36 በመቶ የሚሆኑት መከላከያ እንደሚጠቀሙ አገኘ፤ 23 በመቶው መርፌ፣ 8 በመቶው በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር። የሚዋጥ እንክብል የሚጠቀሙት ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 አጠቃላዩ 8 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ዕድገት በቃል ብቻ የተፈጠረ ነው ብዬ አላምንም፤ በነዚያው ዓመታት አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር ከ5.5 ወደ 4.6 ወርዷልና፣ ልጅ ደግሞ ተደብቆ አይቀርም። አብዛኛው ተጠቃሚ የመርፌ ተጠቃሚ መሆኑም ከፌም-ፕሬፕ አንጻር ሲታይ የሚያጽናና ነው፤ በሙከራው ከእርግዝና ምርመራው ጋር የገጠመው የመርፌ ተጠቃሚዎቹ ቃል ነበርና።

መጽናናቱ ግን ልክ አለው። በሙከራው መርፌው የሚሰጠው ሴቲቱ በየአራት ሳምንቱ በምትመጣበት ቦታ ነበር። በእኛ ገጠር ቀጠሮው ከአጨዳ ጋር ይጋጫል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ጤና ኬላ ደርሳ መድኃኒቱ አልቆ ሊጠብቃትም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለሦስት ወሩ መርፌ እስከ አራት ሳምንት መዘግየትን ይታገሣል፤ ከዚያ በላይ ያለፋት ሴት ግን መከላከያው አብሯት የለም። ይህችን ሴት «በአሁኑ ጊዜ የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ?» ብንላት «አዎ፣ መርፌ» ትለናለች፤ ቃሏም በራሷ አስተሳሰብ እውነት ነው።

ለዚህ የገዛ ቋንቋችንም ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ። «ትጠቀሚያለሽ» የሚለው ግስ ልማድንም፣ አሁን እየሆነ ያለውንም፣ ወደፊት የሚሆነውንም በአንድ ቅርጽ ይይዛል። «ቡና ትጠጫለሽ?» ስንል ስለዚህች ሰዓትም ስለ ልማድም ልንጠይቅ እንችላለን፤ ቡና የምትወድ ሴት ሳምንት ሙሉ ባትጠጣም «እጠጣለሁ» ትላለች። «በአሁኑ ጊዜ» የሚለው ጭማሪ ልዩነቱን ይፈጥራል ተብሎ ይታሰባል፤ ለብዙ ሴቶች ግን «በዚህ ዘመን» ወይም «ከወለድሽ ወዲህ» ማለት ይሆናል። «መጨረሻ የተወጋሽው በየትኛው ወር ነው? ከየትኛው በዓል በፊት ወይስ በኋላ?» ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ ቀን ይሆናል፤ ቀን ደግሞ ሊቆጠር ይችላል። አማትን ፈርታ ከምትደብቅ ሴት እውነቱን ለማግኘት ይህ ብቻውን አይበቃም። ልማዷን እንደ ዛሬ አድርጋ የምትናገረዋን ሴት ግን ያለ አንዳች ጥርጣሬና ያለ ነቀፋ ወደ ትክክለኛው መልስ ያደርሳታል።

ይኸው የ2016ቱ ጥናት መከላከያ መጠቀም ከጀመሩት ውስጥ 35 በመቶ የሚሆኑት በ12 ወር ውስጥ እንዳቋረጡ መዝግቧል። ይህ የተገኘው ሴቶቹ ያለፉትን አምስት ዓመታት ወር በወር እንዲያስታውሱ ተደርጎ፣ ሰንጠረዥ ላይ በመሙላት ነው። የወለደችበትን ወር አንዲት እናት አትረሳም፤ መርፌ ያቆመችበትን ወር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ማስታወስ ለማንም ይከብዳል። አጭር አጭር የሆኑት የአጠቃቀም ጊዜያት በዚህ መንገድ እንደሚጠፉ ስለማስብ፣ 35 በመቶ የሚለውን የማየው ቢያንስ ይህን ያህል ነው ብዬ ነው።

ደም ቢመረመርስ? ያው ጥናት ለደም ማነስና ለኤች አይ ቪ ምርመራ የደም ናሙና ወስዷል፤ ስለዚህ ከጥቂት ሴቶች፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ ስማቸው ሳይያዝ ሆርሞኑን መለካት የማይታሰብ አይደለም። እኔ ግን ይህን የምደግፈው በጠባቡ፣ ጥያቄው ምን ያህል እንደሚስት ለመለካት ብቻ ሲሆን ነው። የእያንዳንዷን ሴት ቃል በደሟ መፈተሽ መልመድ ከጀመርን፣ እስከ አጥሩ ድረስ መጥታ ካርዷን ያወጣችውን ሴት እምነት እናጣለን። ካርዱን ያወጣችው ጠያቂዋን ስላመነቻት ነው።

ከፌም-ፕሬፕ በኋላ በመስኩ የተወሰደው ትምህርት በሁለት አቅጣጫ ሄዷል። አንደኛው ልኬት ነው፤ በተከታዮቹ ሙከራዎች የመድኃኒቱን መጠን ሙከራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን በሂደቱ መሐል መለካት ተለመደ። ሁለተኛው ለእኔ የበለጠ ትርጉም አለው። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የታወቀው ፐርፐዝ 1 የተባለው ሙከራ፣ ሌናካፓቪር የተባለውን መድኃኒት በስድስት ወር አንድ ጊዜ በመርፌ ሰጥቶ፣ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲትም በቫይረሱ ሳትያዝ ቀረች፤ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል በተሰጣቸው ወገኖች ግን በድምሩ 55 ሴቶች ተያዙ፣ እንክብሉን የመውሰዱ ነገርም እንደገና ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሙከራ ለመመዝገብ የወሊድ መከላከያ መጠቀም ግዴታ አልነበረም፤ ያረገዘችም ሴት ከፈቀደች መድኃኒቱን እየወሰደች እንድትቀጥል ተደርጓል። ለመግባት ብላ «እጠቀማለሁ» ማለት ያለባት፣ እርግዝናዋንም ይዛ የምትሸማቀቅ ሴት በዚያ አልነበረችም።